የሁለት ሰው ቢራ

ድንኳኑን ያየሁት ከታች፣ ከመታጠፊያው ነው። ቀይ ድራፍት በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዤ፣ እንዳይሞቅብኝ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ፣ የእንጦጦን ዳገት እያለከለክሁ ስወጣ ጋሽ ወርዶፋ በር ላይ ድንኳን ተተክሏል። የማን ይሆን አላልሁም። በዚያ አጥር ውስጥ የሚኖሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። እግሬ ቀጥ አለ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ደግሞ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ «ይሄን ጠርሙስ የት ልደብቀው?» አያሳፍርም? ሰው ሞቶ እኔ ለጠርሙስ እጨነቃለሁ። ግን ቢራ ይዞ ለቅሶ ቤት የሚገባ ማን አለ?

ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ቅጠል አልብሼ አስቀመጥሁትና ሻርፔን ተከናንቤ ገባሁ። ሰው ሲያወራ ሰማሁ፤ ቅዳሜ አመማቸው፤ ጎረቤት ሐኪም ቤት ሊወስዳቸው ሲል «ያልፋል» ብለው እምቢ አሉ፤ እሁድ በጠዋት አረፉ፤ ያንኑ ቀን ተቀበሩ። እኔ እሁድ ዕለት ሰው እየሳቀ ጃምቦ ስቀዳ ነው የዋልሁት። የደወለልኝ የለም። ማን ይደውልልኛል? ቁጥሬን የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ።

አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብለው፣ «የኔ ልጅ፣ ምናቸው ነሽ?» አሉኝ።

እኔ አፌ አይቦዝንም፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ያን ዕለት ግን ሻርፔን ወደ ግንባሬ ሳብ አደረግሁ። ልጃቸው አይደለሁም። ዘመዳቸው አይደለሁም። «የምናውቃቸው ነን» አልሁና ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጥሁ። ማንን «ነን» እንዳልሁ እንጃ፤ ብቻዬን ነበርሁ።

ስሜ ስንዱ ይባላል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ፣ የባሕር ዛፍ ሽታ ከቢራ ሽታ ጋር የሚቀላቀልበት ግቢ አለ፤ እዚያ ድራፍት ቀጂ ነኝ። ቢራችን ከሌላ ቦታ ተጭኖ አይመጣም፤ እዚያው ጓሮ በብረት ጋን ይጠመቃል። አራት ቧንቧ አለን፤ የነጯ፣ የቀይዋ፣ የጥቁሯና የስንዴዋ። ባለቤቱ ዮናስ የሚባል ውጭ ተምሮ የመጣ ልጅ ነው። ጥሩ ልጅ ነው፤ ክፋቱ ለሁሉ ነገር ነጥብ ይፈልጋል። ደንበኛ ገና አንድ ጊዜ ፉት ሳይል «ከአምስት ስንት ትሰጣታለህ?» ብሎ ፊቱ ይቆማል። ሰዉም እንዲሄድለት «አራት» ይለዋል።

ጋሽ ወርዶፋ መጀመሪያ የመጡ ቀን ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ባንኮኒው ጋ ተቀመጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጃኬታቸው በደንብ የተተኮሰ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀይ ቀድቼ አቀረብሁላቸው። በጣታቸው መልሰው ገፉልኝ።

«ቅመሺ» አሉኝ።

«ምን?»

«ቅመሺ እንጂ። እናቴ ለእንግዳ ጠላ ስትቀዳ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ ሰጥታ አታውቅም። አንቺን ማን አሳደገሽ?»

ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ እኛ እዚህ መርዝ አንሸጥም!» አልኋቸው።

«እሱን በምን አውቃለሁ? እስቲ ቅመሺ።»

ሰዉ ሁሉ ያየኛል። ከብርጭቆው መዳፌ ላይ ጠብ አደረግሁና በንዴት ፉት አልሁ። እሳቸው ብርጭቆውን አላዩም፤ ፊቴን ነበር የሚያዩት። ከዚያ ፈገግ ብለው አነሱት። «አሁን ወግ ደረሰው» አሉ። ወይ ጉድ! እኚህን ሽማግሌ ዳግመኛ አያምጣብኝ አልሁ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት መጡ። በማግስቱም።

ዮናስ እንደ ልማዱ ነጥብ ሊጠይቃቸው ቀረበ። «ጋሼ፣ ከአምስት ስንት?»

«እኔ እንዲህ ያለ ቁጥር አላውቅም» አሉት። «ይቺ ግን የአራት ሰው ናት።»

«እንዴት የአራት ሰው?»

«አራት ሰው አስቀምጣ ታጫውታለች። አምስተኛው ከመጣ ታልቃለች፤ ሦስት ከሆኑ ትተርፋለች። ያቺ ጥቁሯ ደግሞ የብቻ ናት። ብቻውን ሆኖ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚጠጣት ሰው ካለ ይጠጣት።»

ዮናስ በደስታ ሊሞት! ወዲያው ከቧንቧዎቹ በላይ ጥቁር ሰሌዳ አሰቀለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ወርዶፋ በየቀኑ አራቱንም በትንሽ ብርጭቆ እየቀመሱ ይፈርዱ ነበር፤ እኔም በጠመኔ እጽፋለሁ። ነጯ የሦስት ሰው። የስንዴዋ የሰባት ሰው። ደንበኛው ሲገባ መጀመሪያ ቀና ብሎ ሰሌዳውን ያያል። ሦስት ሆነው የመጡ ጎረምሶች የሰባት ሰው ቢራ አምሯቸው አራት የማያውቁትን ሰው ከሌላ ጠረጴዛ ሲጠሩ አይቻለሁ፤ በዓይኔ በብረቱ። «ዛሬ ስንት ሰው ናት ጋሼ?» የማይል የለም።

እሳቸውም አንድ ጃምቦ ይዘው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ይቆያሉ። ሌላ ብርጭቆ ባዶውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ማንም ይሁን አጠገባቸው ለተቀመጠ ሰው ከራሳቸው ቀንሰው ያካፍላሉ። ስልኩን የሚነካካ ካዩ አይምሩም። «ሦስት ሆናችሁ መጥታችሁ ለብቻ ለብቻ ትጠጣላችሁ? ለብቻ ለመሆንማ ቤታችሁ ውስጥ ጨለማ የለም እንዴ?» ይላሉ። ሰዉ ይስቃል፤ ስልኩም ኪስ ይገባል። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የከተማ አውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ነበሩ። ከኋላ በር ተቀምጠው የተሳፋሪ ፊት ሲያዩ መኖራቸውን ይናገሩ ነበር። «ሒሳብ ሳይከፍል ሊወርድ የሚያስብን ሰው ሲሳፈር ነው የማውቀው» ይላሉ። እኔ ይሄን ጉራ መስሎኝ አለፍሁት።

አንድ ቀን፣ ነገር መፈለግ ልማዴ ነውና፣ «ጋሼ፣ የብቻ አለ፣ የሦስት አለ፤ የሁለት ሰው የሚባል ለምን የለም?» አልኋቸው።

ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አሽከረከሩት። «የሁለት ሰው ከባድ ነው ስንዱ። ሰባት ሰው ከተሰበሰበ እጣቢም ይጣፍጣል፤ ጨዋታው ያወርደዋል። ሁለት ሲሆኑ ግን መደበቂያ የለም። እሱን ከባለቤቴ ጋር ጠጥቼዋለሁ። ከእንግዲህ የምጠጣው አይመስለኝም።» ባለቤታቸው ማረፋቸውን የሰማሁት ያኔ ነው። ልጆቻቸው ክፍለ ሀገር ናቸው፤ እሁድ እሁድ ይደውላሉ።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። የእንጦጦ ማርያም ንግሥ ዕለት ነው። ከተራራው የወረደው ሕዝብ በሙሉ እኛ ግቢ የገባ ይመስላል። እኔ እንደ እብድ እሮጣለሁ። አዲስ በርሜል ተቀጥሏል፤ ለጋሽ ወርዶፋ ቀይዋን ቀድቼ ሳልቀምስ አስቀመጥሁላቸው።

«ሳትቀምሺ?»

«ዛሬ ይለፈኝ ጋሼ፤ ሰው በዝቷል!»

ጠጡ። ዞር ብዬ «ስንት ሰው?» አልሁ። ትንሽ ዘግይተው፣ «አራት» አሉ። ጻፍሁት። ወዲያው አንድ ደንበኛ የመጀመሪያውን ጉንጭ መሬት ላይ ተፋውና «ይሄ ምንድነው? ኮምጣጤ ነው እንዴ የሸጥሽልኝ?» ብሎ ጮኸ። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስሁ። እናንተ! ዓይኔ እንባ አቀረረ። በርሜሉ ከስሩ ኮምጥጧል። የጋሽ ወርዶፋን ብርጭቆ አየሁ፤ ግማሹ የለም።

ቀና ስል ያዩኛል። እንደዚያ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም። ሽማግሌ ሰው፣ የተከበረ ሰው፣ እንደ ሕፃን ልጅ ይለምነኛል። እኔም ጨርቅ አንስቼ ሰሌዳውን ጠረግሁና «የትናንቱ ነው፣ የትናንቱ ነው!» እያልሁ አወጅሁ።

ሕዝቡ ቀለል ሲል አጠገባቸው ሄጄ በዝግታ ጠየቅኋቸው። አልካዱም። ያ በሽታ የገባ ጊዜ፣ ሁላችንም አፋችንን ሸፍነን የምንሄድ ጊዜ፣ እሳቸውና ባለቤታቸው አብረው ተኙ። እሳቸው ተነሡ። «እሷም ሄደች፤ ጣዕሙም አብሯት ሄደ» አሉኝ። «ወጡም፣ ቢራውም፣ ውኃውም ለኔ አንድ ነው። አንቺ ስትቀምሺ ፊትሽን አያለሁ። ግንባርሽ ሲፈታ የሰባት ሰው ናት። ቅንድብሽ ከተነሣ የሦስት። አፍንጫሽን ከነፋሽ የብቻ ናት።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ምንም ጣዕም ካልተሰማዎት ለምን ይመጣሉ?»

«ወዴት ልሂድ?» አሉኝ።

ያን ኮምጣጣ ብርጭቆ አንሥቼ ደፋሁት። «ለዮናስ ከነገርሽው እኔ ከነገ ጀምሮ አንድ ጃምቦ ይዞ የሚያንቀላፋ ሽማግሌ ነኝ። አሁን ግን በር ስገባ ‹ዛሬ ስንት ሰው?› ብሎ የሚጠይቀኝ አለ። ቤቴ የሚጠይቀኝ የለም» አሉ።

አልነገርሁም። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደምቀምስ ብታዩኝ! ስቀምስ ደህና አድርጌ ወደ እሳቸው እዞራለሁ፤ ፊቴን አልደብቅም። መጀመሪያ ላይ ለእሳቸው ብዬ ነበር። እያደር ግን ነገሩ ለኔም ሆነ። ካራ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው፤ ጠዋት ስወጣም ማታ ስገባም ደህና ነሽ የሚለኝ የበሩ ቁልፍ ነው። እዚህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሰው እጄን ነው የሚያየው፤ ጃምቦው የሚመጣው ከእጄ ነዋ። ፊቴን የሚያዩት ጋሽ ወርዶፋ ብቻ ናቸው። አንድ ቀን የስንዴዋን ቀምሼ ዞር ስል ብርጭቆውን አልተቀበሉኝም።

«ዛሬ ፊትሽ የሚያወራው ስለ ቢራው አይደለም» አሉኝ። «ቢራውን ተይውና ንገሪኝ።»

የእናቴ ሙት ዓመት ነበር። ለማንም አልተናገርሁም፤ ሆዴ ውስጥ ይዤው ነበር የዋልሁት። እዚያው ባንኮኒው ላይ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እሳቸውም ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ሰው እንዳያየኝ ከፊቴ ቆሙልኝ። ያን ቀን ሰሌዳው ላይ ምንም አልተጻፈም።

የነገሩ መጨረሻ የመጣው በዮናስ ደግነት ነው። ሰው ጋብዞ የቅምሻ ቀን አዘጋጀ። አዲስ የጠመቃቸውን ሦስት ቢራዎች ጋሽ ወርዶፋ ዓይናቸው ተሸፍኖ እንዲፈርዱ፣ አሸናፊዋም ቀይዋን እንድትተካ። «ብላይንድ ቴስቲንግ ይባላል ስንድዬ፣ ውጭ አገር እንዲህ ነው የሚደረገው» አለኝ። እኔ «ይቅርብህ፣ ሽማግሌ ሰው አታስቸግር» አልሁት፤ ሳቀብኝ። እሳቸውም እምቢ ማለት አልቻሉም። በምን ምክንያት እምቢ ይላሉ?

በዋዜማው ተማከርን። «እንደ ወጉ ቀድሜ እቀምሳለሁ፤ ጥሩ ከሆነ እሰይ እላለሁ፤ መጥፎ ከሆነ አስላለሁ» አልኋቸው። ሳቁ። ግን እጃቸው ባርኔጣውን እያሽከረከረ ነበር። በማግስቱ ግቢው ሞላ። ዓይናቸው በሻሽ ታሰረ። ልቀዳ ስነሣ ዮናስ ያዘኝ። «አንቺ ራቅ በይ፤ ዛሬ ማንም ቀድሞ አይቀምስም፤ ፌር አይሆንም።» ሌላ ልጅ ቀዳ።

ጋሽ ወርዶፋ አንደኛውን ብርጭቆ ይዘው ቆዩ። እኔ ከበርሜሎቹ ጋ ቆሜያለሁ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁ፣ አስልሁ፣ ምንም ትርጉም የለውም፤ እኔም አልቀመስሁትም። ሁለተኛውን አነሡ፣ አስቀመጡ። ከዚያ ሻሹን ራሳቸው ፈቱ።

«ልጄ ዮናስ» አሉ፣ «እኔ አልቀምስም።»

«ደከሙ እንዴ ጋሼ?»

«አልደከመኝም። ምላሴ ከሞተ ቆይቷል። እስከ ዛሬ የፈረድሁላችሁ የስንዱን ፊት አይቼ ነው።»

ቀልድ መስሎት ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሳቁም ቀስ በቀስ በረደ። ከኋላ አንዱ፣ «ታዲያ ስናጨበጭብ የከረምነው ለምንድነው?» አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያሰበውን ነው የተናገረው። እሳቸው ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ ለሁሉም እጅ ነሡ፣ በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ሄዱ። በማግስቱ አልመጡም። በማግስቱም።

ዮናስን አኮረፍሁት። «እኔ ምን አደረግኋቸው?» ይላል። እውነቱን ነው፤ ምንም አላደረጋቸውም። ሰሌዳው ወርዶ በምትኩ ደንበኛው በስልኩ ኮከብ የሚሰጥበት ነገር ተለጠፈ። «ንገሪያቸው፣ ይምጡ፤ ቦታቸው ቦታቸው ነው» አለኝ።

የእረፍት ቀኔ ሰኞ ነው። ቀይዋን በጠርሙስ ቀድቼ ዳገቱን ያዝሁት። ባዶ እጅ የሰው ቤት አይኬድም። ወደ ራጉኤል የሚወጡ ሰዎችን እየጠየቅሁ ቤታቸውን አገኘሁ። በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ተነሡና ወደ ውስጥ ገቡ። ሁለት ብርጭቆ ይዘው ወጡ።

«ዮናስ ይምጡ ብሏል» አልሁ።

«መጥቼ ምን ልበላቸው?» አሉ።

ቀዳሁ። እንደ ወጉ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስሁ። ያን ሁሉ ዳገት በፀሐይ ተሸክሜው ወጥቼ፣ ሞቋል፣ አረፋው ሞቷል፣ ለጠላት አይሰጥም። ፊቴን ላሳምር ሞከርሁ። ግንባሬን ፈታሁ፣ ጥርሴን አሳየሁ።

እያዩኝ ቆዩና በሳቅ ፈረሱ። «አንቺ ውሸታም! ሞቋል አይደል?»

«እጣቢ ሆኗል ጋሼ!»

ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ብርጭቆውን አንሥተው ጠጡ፤ ደገሙ። ከታች ከተማው ጭስ ለብሶ ይታያል። እስኪያልቅ ጠጡ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጠው፣ «የሁለት ሰው ናት» አሉ። ወደኔ አልዞሩም። እኔም ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ፈትቼ መልሼ አሰርሁ።

ከዚያ በኋላ ሰኞ ሰኞ እየወጣሁ ነበር። ሁልጊዜ ይሞቅብኛል፣ ሁልጊዜ ይስቁብኛል። «ፎጣ አርጥበሽ ጠቅልይው እንጂ፤ ይሄ ሁሉ ዘመን ቢራ ቤት ኖረሽ!» ይሉኛል። እኔም እሺ እላለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ሲሆን እረሳዋለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ቀዝቃዛ አድርጌ አላደረስሁላቸውም።

በዚህኛው ሰኞ ነው ፎጣውን ያስታወስሁት።

ከድንኳኑ ስወጣ ማንም አልሸኘኝም፤ ማን ናት ብሎ ይሸኘኛል። ከባሕር ዛፉ ሥር ጠርሙሴን አወጣሁ። ፎጣው ገና እርጥብ ነው። ትንሽ ወረድ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና ክዳኑን ከፈትሁ፤ ፍስስ አለ። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስሁ። ቀዝቃዛ ነው። ጋሽዬ፣ እንዴት ያለ ቢራ መሰለዎት! ከቧንቧው እንደወረደ ነው። ግንባሬ ሲፈታ ለራሴው ተሰማኝ፤ እንደ ልማዴም ፊቴን ወደ ጎን አዞርሁ።

እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው በአጠገቤ ይወርዳሉ። ሸክሙ ቀና አያስብልም። አንዷም ፊቴን አላየችውም።